ዘጠነኛው ሕፃን

ተቆጣጣሪውን ገና መልኩን ሳላየው ነው የጠላሁት። ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ በቤቴ የሰው ልጅ መጠበቅ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። አስተማሪዎች፣ የቢሮ ጸሐፊዎች፣ ገበያ የሚውሉ ሴቶች ጠዋት ልጃቸውን አስረክበውኝ ይሄዳሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዳሉ። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላገዘኝም። አንድ ቀን ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። ከእንግዲህ በቤቱ ልጅ የሚጠብቅ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ቤቱም በየሦስት ወሩ እየታየ ለሕፃናት አደገኛ ነገር እንደሌለበት እንዲረጋገጥ ያዛል። ደብዳቤውን ስረከብ የፈረምኩበት ቀለም ሳይደርቅ በሆዴ ያንን የሚመጣውን ሰው ረገምኩት።

መጣ። ቀጭን፣ ኮት ከላዩ የማይወርድ፣ ባሕር ዳር ሦስት ቀን ሠልጥኖ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። ፎርሙን በክላሰር ይዞ ይገባና ልጆቹን ዘወር ብሎ ሳያይ ግድግዳውን ያያል። ሶኬቱ በፕላስተር መሸፈኑን በጣቱ እየነካ ያረጋግጣል። የውኃው በርሜል ክዳን አለው? ነጭ ጋዙ የት ነው የሚቀመጠው? መጥረቢያውስ? የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይከደናል? ጥያቄዎቹ ልክ ነበሩ፤ ዛሬ ሳስበው ሁሉም ልክ ነበሩ። እኔን ያቃጠለኝ አጠያየቁ ነው። አንድ ጊዜ የአማቴ ስዕለ ማርያም የተሰቀለበትን ሚስማር «ሹል ነገር» ብሎ ጻፈብኝ። ሚስማሩ ከእኔ ራስ በላይ ነው። የትኛው የሁለት ዓመት ልጅ እዚያ እንደሚደርስ እሱ ይወቅ።

ከሁሉ የከበዱኝ ግን ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ከሰል ነው፤ ልጆች ባሉበት ክፍል የከሰል ምድጃ አይገባም ይላል። እሱስ ኮት ደርቧል፣ ልጆቹ ምን ደርበዋል? በታኅሣሥ ነፋሱ በበሩ ሥር ገብቶ ምንጣፉን ከመሬት ሲያነሳው እኔ ነኝ የማየው። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። ከስምንት ልጅ በላይ እንዳልይዝ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል፤ አንድ እንኳ ቢተርፍ ፈቃዱ ይነጠቃል።

እኔ ዘጠኝ ነበሩኝ። ዘጠነኛው ዓመት ከመንፈቅ የሆነው፣ ገና መራመድ የጀመረ የአንዲት አስተማሪ ልጅ ነው። እናቱ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ተዛውራ የመጣች፣ በከተማው ዘመድ የሌላት ሴት ናት። ቦታ የለኝም ስላት እንግዲያው ቤት ቆልፌበት እሄዳለሁ አለችኝ። ስትናገር ዓይኗን አየሁት፤ ታደርገዋለች። ተቀበልኩት። ደግነት ብቻ አይደለም፤ የዚያን ሰውዬ ወረቀት እንቢ ማለትም አምሮኝ ነበር።

ደግነቱ ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት ይደውላል። ያኔ ምድጃውን፣ ነጭ ጋዙን፣ መጥረቢያውን፣ ማጭዱን ወደ ጓዳ አስገብቼ እቆልፋለሁ። ዘጠነኛውን ልጅ ጎረቤቴ ታዝልልኛለች። እሱ ፈርሞ ሲወጣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ቤቴ በየሦስት ወሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ከአደጋ የጸዳ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ አማቴ አሉ። ከዚሁ አገር ከቤተ ልሔም ደብር ወገን የሆኑ የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጭነው ከእኛ ጋር ተቀመጡ፤ ሰው ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል። ባሌ ሥራው ሲማዳ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ የምንፋጠጠው እኔና እሳቸው ነን። አንዋደድም ነበር። እኔ ልጆቹን ብርድ የማስመታቸው፣ የማስርባቸው ይመስላቸዋል። እሳቸው ደግሞ በሌለሁበት እኔ የማደርገውን ሁሉ እየቀየሩ ይቆዩኛል።

በነቢያት ጾም አንድ ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሰውዬው ሳይደውል መጣ። ጎረቤቴ ወደ ቅዳሴ ስትወጣ አይታው በአጥር በኩል «እየመጣልሽ ነው» ብላኝ አለፈች። ልጁን የምታዝልልኝ እሷ ነበረች፤ አሁን የለችም። ልጆቹ ተኝተዋል። ዘጠነኛውን ከነብርድ ልብሱ አንስቼ ጓዳ ውስጥ የገብስ ጆንያ ላይ አስተኛሁት። ነጭ ጋዙንና ስለቶቹን ማድ ቤት ቆለፍኩባቸው። ለእማሆይ ምድጃውን ደጅ እንዲያወጡት በሹክሹክታ ነግሬ በር ልከፍት ሮጥኩ። ሰውዬውን ስለ መንገዱ፣ ስለ ነፋሱ እየጠየቅሁ በሩ ላይ አቆየሁት። ስንገባ ምድጃው የለም፣ ጓዳው ተዘግቷል፣ ስምንት ልጆች ተደርድረው ተኝተዋል።

እየዞረ አየ፣ ፎርሙ ላይ ራይት እያደረገ ወረደ። ጓዳው የእህል ነው ስለው ሳይከፍት አለፈ፤ አንድም ነገር አላገኘም። ሊነሣ ሲል እማሆይ ከመደባቸው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ከዚህ ቤት ሳትቀምስ አትወጣም።»

ጾመኛ ነኝ አለ። እሳቸውም ጾመኛ መሆናቸውን፣ ቅዳሴው ሊወጣ ጥቂት እንደቀረው፣ የገብስ ጠላው እንደደረሰ፣ ሹሮው እንደተሠራ ነገሩት። እኔ በዓይኔ እየገላመጥኳቸው ነው። እሳቸው እንግዳ ሳይበላ ከወጣ የባላቸው አጥንት የሚወቅሳቸው ይመስላቸዋል። ሌላ ቀን ውኃ እንኳ የማይጠጣልኝ ሰውዬ ያን ቀን ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ። ስለ ሥልጠናው ያወራል። ስለ አለቃው ያማል። ሳይደውል የመጣውም ጥፋት አገኛለሁ ብሎ ሳይሆን አለቃው ስለተቆጣው መሆኑን ያጫውተናል። እማሆይ አይዞህ ይሉታል።

የፈራሁት ልጁ ነቅቶ እንዳያለቅስ ነበር። ጆሮዬ ጓዳው ላይ ነው። ድምፅ የለም። ጥቂት ቆይቶ ዝምታው ራሱ ያስጨንቀኝ ጀመር፤ ያ ልጅ እንደዚህ ተኝቶ አያውቅም። ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ምድጃ የለም። ከማድ ቤቱ ኋላም የለም። ተመልሼ እማሆይ ጆሮ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«ምድጃው የት ነው?»

«ጓዳ ነዋ። ሕፃኑን ይብረደው እንዴ?»

ያኔ በጓዳው በር ሥር የተጎሰጎሰውን ጋቢያቸውን አየሁት። ቢያለቅስ እንዳይሰማ ብለው ነው። ያ ጓዳ መስኮት የለውም።

እዚህ ላይ የሆነውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወዲያው መሮጥ ነበረብኝ፤ አልሮጥኩም። ሰውዬውን አየሁት። ፎርሙ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ሁሉም ራይት ነው፣ የቀረው ፊርማው ብቻ ነው። አሁን የቅዳሴው ደወል ይደወላል፣ ቶሎ በልቶ ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። የቆምኩት አንድ ጉንጭ ውኃ ለመዋጥ የሚበቃ ጊዜ ይሆናል። ግን ቆሜአለሁ።

ከዚያ ጋቢውን በእግሬ ገፍቼ በሩን በረገድኩት። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ልጁ አንገቱ ወደ ጎን ወድቋል። ስጠራው አይሰማም፣ ሳነሣው ክንዱ ይንጠለጠላል። በሰውዬው ፊት ይዤው አልፌ ነፋሱ ላይ አወጣሁት። ጀርባውን እያሻሸሁ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሬ ስሙን እየጠራሁ ግቢውን ዞርኩት። ስንት ዘመን የረገምኩትን ነፋስ ያን ቀን ንፈስ ንፈስ አልኩት። ልጁ መጀመሪያ ቀሚሴ ላይ አስታወከ። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ድምፅ አወጣ። ከዚያ አለቀሰ፤ እየጮኸ አለቀሰ። እማሆይ ደጃፉ ላይ ተንበርክከው እመቤቴን ይጠሩ ነበር።

ቀና ስል ሰውዬው ከኋላዬ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ሊጮህብኝ ነው፣ ፈቃዴን ሊቀድብኝ ነው፣ ይገባኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ፎርሙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ።

«ይኼ እኔ ከወጣሁ በኋላ የሆነ ነው» አለኝ።

ቶሎ ገባኝ። ይህን ቤት ሦስት ጊዜ ደህና ነው ብሎ የፈረመው እሱ ነው። ወረቀቱን ዘረጋልኝ፤ ተቀበልኩት። እሱ ሳይቀምስ ወጣ፤ ደወሉ የተደወለው የግቢውን በር ሲዘጋ ነው። ያኔ ከሱ ይልቅ ራሴን ጠላሁ ብል ውሸት ነው። ሁለታችንንም እኩል ጠላሁ።

ልጁን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ጡጦውን ጠጥቶ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ አቆየችን፤ ከሰል ካለበት ቤት ሕፃን ስለሚያስተኙ ሰዎችም አፏ እንዳመጣላት ተናገረችኝ። ቤት ስደርስ እናቱ በር ላይ ቆማለች፤ የጠመኔ አቧራ እጇ ላይ እንዳለ ነው። እማሆይ ቀደም ብለው ሆዱን አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል እያሏት ነው። ያን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሁሉን ነገርኳት፤ ምድጃውን፣ ጋቢውን፣ ሰውዬውን፣ ፊርማውን። ለእውነት ብዬ አልነበረም። ንዴት ነው ያናገረኝ።

ልጇን ተቀብላ አናቱን አሸተተች። እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር፤ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ እንኪ፣ ወስደሽ ክሰሺን አልኳት። አልነካችውም።

«ከዚያስ?» አለችኝ። «አንቺን ይዘጉሻል። የኔን ልጅ ማን ይይዝልኛል?»

ልጇን አዝላ መቀነቷን አጠበቀች።

«ነገ አመጣዋለሁ» አለች። «ያን የጓዳ በር ንቀዪው።»

ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ በመጥረቢያ ነቀልኩት፤ ምድጃውም ከዚያ ወዲያ ከማድ ቤት አልወጣም። እሷ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ልጇን አመጣችልኝ። ትገባና መጀመሪያ ጓዳውን አሻግራ ታያለች፣ ከዚያ ልጁን እጄ ላይ ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች። አንድም ቀን እንደምን አደርሽ አላለችኝም።