መጠቃቀስ

ጠቀሰ የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ አለው። ሰው የሌላውን ጽሑፍ ሲያነሣ ጠቀሰ ይባላል፤ በዓይኑ ምልክት ሲሰጥም ጠቀሰ ይባላል። ዲላ በማስተምርበት ኮሌጅ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አባል እስክሆን ድረስ ሁለቱ የማይገናኙ ይመስሉኝ ነበር።

ኢንተርኔት ከሻይ ክበቡ ጀርባ ብቻ በሚሠራበት ዘመን አዲስ መመሪያ መጣ። ዕድገት የሚፈልግ መምህር ጽሑፎቹ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ገጽ አትሞ ከማመልከቻው ጋር ያያይዛል። እኛ ጽሑፎቹን እንድናነብ የጠየቀን አልነበረም፤ ቁጥሩ አንብቦልናል።

ብዙም ሳይቆይ የስድስት ባልደረቦቼ ቁጥር እንደ ክረምት ጎመን ተመነደገ። ምስጢሩን ለማወቅ የጽሑፎቻቸውን የመጨረሻ ገጽ መግለጥ ይበቃል። ስለ ንብ እርባታ የጻፈው ስለ ሒሳብ ትምህርት የጻፈውን ይጠቅሳል፤ የሒሳቡ ሰው ስለ መንገድ ጠጠር የጻፈውን፤ የጠጠሩ ሰው ዞሮ የንቡን። እንዳልተነባበቡ እርግጠኛ ነኝ፤ የንቡ ሰው የሒሳቡን ጽሑፍ ርእስ ሦስት ቦታ ላይ በሦስት ዓይነት ስሕተት ጽፎታል። መጽሔቱን የሚያዘጋጀውም ከስድስቱ አንዱ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ክበብ ውስጥ "ዘንድሮ ስንቴ ጠቀስከኝ?" ሲባባሉ ሰምቼ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የዕፅዋት በሽታ የምታስተምረው ባልደረባዬ ከነሱ ጋር ተቀምጣ አታውቅም። ለዓመታት በየዓርቡ በአውቶቡስ ይርጋጨፌ ትወርድና ከዚያ በሞተር ኮንጋ ቀበሌ ትገባለች። እንሰት የሚያጠወልገው በሽታ እንዴት ከጓሮ ወደ ጓሮ እንደሚሻገር ከቀበሌው ሴቶች ጋር ዱካውን ስትከተል ከርማ፣ ዋናው መንገድ ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋሰው ቢላዋ መሆኑን ጻፈች። አንዴ አብሬያት ሄጄ ነበር። አንዲት እናት ጎረቤቷ ቢላዋ ልትዋስ ብትመጣ፣ "መጀመሪያ እሳት ይቅመስ" ብላ ስለቱን ነበልባል ላይ እያገላበጠች አቆመቻት። የባልደረባዬ ጽሑፍ የሠራው ይህንን ነው። ያቺ እናት ግን የምትጠቅስበት መጽሔት የላትም። ስለዚህ ጽሑፉ የተጠቀሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱን ጊዜ የጠቀሰችው ራሷ ጸሐፊዋ ናት።

ያን ዓመት ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመለከተች። ማዕረጉን ካላገኘች ከዚያ በኋላ የምርምር ፈቃድ በስሟ አይወጣም፤ የኮንጋው ሥራ ያበቃል። ሁላችንም ይህን እናውቃለን።

በስብሰባው ላይ የምርምር ቢሮው ባለሙያ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አበራ። መምህር ሁሉ አንዳንድ ነጥብ ሆኗል፤ አብረው የጻፉ በመስመር ተያይዘዋል። ስድስቱ ድመት የተጫወተችበት ክር ይመስላሉ። እሷ ጥግ ላይ ብቻዋን ናት። ባለሙያው ተባባሪ ለመሆን እኮ መጀመሪያ መተባበር ያስፈልጋል አለና በራሱ ቀልድ ሣቀ። የኮንጋ ሴቶች የት ገቡ ብዬ ጠየቅሁት። የተቋም ኢሜይል ስለሌላቸው ሲስተሙ አይቀበላቸውም ብሎ በትሕትና አስረዳኝ።

ሰብሳቢያችን ድምፅ መስጠቱን ለአንድ ወር አዘገየውና ወደ ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። ስድስቱ በቀጣዩ እትም ሊጠቅሷት ፈቃደኞች ናቸው፤ እሷም በሚቀጥለው ጽሑፏ ስድስቱን ታነሣለች። አንተ ትቀርባታለህ፣ ንገራት አለኝ። ሄጄ ነገርኳት። ዛሬም ሳስበው አፌን መጉመጥመጥ ያሰኘኛል።

"እኔ ባለትዳር ነኝ፤ ወንድ አልጠቅስም" አለች እየሣቀች። ከዚያ ሣቋ ቆመ። "አንተ ደግሞ መልእክተኛ ሆንክላቸው?"

በወሩ ድምፅ ሰጠን። አራት ለአንድ ተሸነፈች፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ ምክንያቱ "ሥራዋ ተጽዕኖ ስለሌለው" ተብሎ ሰፈረ። የልዩነት ሐሳቤ ይመዝገብ አልኩ። ሰብሳቢው አልተቆጣም። የልዩነት ሐሳብ ያለበት ቃለ ጉባኤ ከበላይ ተመልሶ ይመጣል፣ በዚሁ ወረቀት ላይ የጸደቁት የሌሎች ዕድገቶችም አብረው ይታገዳሉ አለ። ከጸደቁት አንዱ የእኔ ነበር፤ የእኔ ጉዳይ ሲታይ ለደንቡ ያህል በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ፈረምኩ።

በሳምንቱ ቃለ ጉባኤውን ጠይቃ አወጣችና ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበችው። በዚያ ሳልፍ ጠራችኝ። አምስቱን ፊርማዎች በጣቷ አንድ በአንድ ከነካች በኋላ፣

"ያንተ የትኛው ነው?" አለችኝ።

አሳየኋት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሚቀጥለው ዓርብ ከኮሌጁ ወደ ኮንጋ የሄደ ሰው አልነበረም፤ እኔም ማዕረጉን አልመለስኩም።