የሐይቆችና ቡታጅራው ሰው በቦልደር ሲቲ

ኤፕሪል 2021፣ ቅዳሜ ንጋት

ከምኖርበት ሰፈር፣ ከሴንቴኒያል ሂልስ ተነሣሁ። ፍሪዌዩ ጭር ብሏል። ጎኔ ያለው ወንበር ላይ ብርቱካንና አንድ ፌስታል ዳቦ አለ። የምሄደው አቶ ሽፈራውን ልጠይቅ ነው፤ በኮሮና ሆስፒታል ከርመው በቅርቡ ወጥተዋል። ካዚኖ አብራኝ የምትሠራው ልጃቸው ሰላም ትናንት እያለቀሰች ደወለችልኝ።

«ዶክተሩ ሜሞሪውን ቼክ ሲያደርግ የት ተወለድክ አለው። ዳዲ የሌለ አገር ስም ጠራ። ማፕ ላይ ፈለግኩት፣ የለም። ትኩሳቱ ጭንቅላቱን ጎድቶት ይሆን?»

«ማን ብለው ጠሩ?»

«ሐይቆች ምናምን።»

ያደግኩት ቡታጅራ ነው፤ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ግን ሳላያቸው ተስፋ ልሰጣት ፈራሁ።

ረፋድ፣ ቦልደር ሲቲ

ሄንደርሰን ሲያልቅ ቀይ ኮረብታና ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ከዚያ ቁማር የሌለባት ጸጥተኛዋ ከተማ። አቶ ሽፈራው ጋቢ ደርበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሰላም ከኋላቸው ቆማ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ጋሼ፣ ትውልድዎ የት ነው?»

«ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ! የግብርና መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበርኩ እኮ።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ሰላም፣ ልክ ናቸው! እኔም የዚያው አውራጃ ልጅ ነኝ።»

«ታዲያ ማፕ ላይ የታለ?»

«ፈረሰ» አሉ አባቷ። «ዝዋይም ላንጋኖም ቡታጅራም የኛ ነበሩ። ከዝዋይ ዓሣ ይዤ እወጣለሁ፣ ከማረቆ በርበሬ ጭኜ እመለሳለሁ። ደርግ ሲወድቅ አውራጃ የሚባል ነገር ቀረ። ሐይቆቹ ወደ ኦሮሚያ፣ ቡታጅራ ወደ ደቡብ ሄዱ። መኪናዋን ለማን እንደማስረክብ የሚነግረኝ አጥቼ፣ ቁልፉን ይዤ ግቢው ውስጥ ስንት ቀን ተጎለትኩ!»

«አሁን አንተ የትኛው ክልል ነህ ዳዲ?»

«የተወለድኩት ዝዋይ፣ እናትሽን ያገባሁት ቡታጅራ። አንቺው ቁረጪና ንገሪኛ!»

ሰላም ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። እሳቸው ግራ ገባቸው።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም ዳዲ። ደህና ነህ።»

ምሳ ቲማቲም ፍርፍር በላን። አቶ ሽፈራው ደግመው አስጨመሩ። የቡታጅራን መንገድ እስከ ድልድዩና እስከ ጭቃው እየነገሩኝ፣ የረሳሁትን አስታወሱኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ መልስ

መስኮቱን ከፍቼ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ ቀሎኛል። ሰላም ደወለች።

«ሰኞ ለዶክተሩ ዳዲ ልክ ነው እለዋለሁ። ግን ያንን አውራጃ እንዴት ብዬ ላስረዳው?»

«አባትሽን ይጠይቃቸው» አልኳት። «ጊዜ ካለው።»