ጣሪያ ያልለበሰችው ክፍል

አባቴ የቤት ግብር ለመክፈል ኮት ይለብስ ነበር። እውነቴን ነው። ሰው ለሠርግና ለለቅሶ የሚያወጣውን ኮት እሱ ለማዘጋጃ ቤት ሰልፍ ያወጣዋል። እናቴ በር ላይ ቆማ ትስቅበታለች፤ "ሙሽራው መጣ በሏቸው!" ትለዋለች።

ግብር ሲከፍል የሚሰማው ደስታ ከወንጂ የመጣ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በሸንኮራው ሥራ፣ የሚኖረውም በስኳር ፋብሪካው ቤት ነበር። እዚያ ቤት የሚኖር ሰው ግብር ክፈል አይባልም፤ ጡረታ ሲወጣ ግን ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። ይህ ቀን ሳይመጣበት ብሎ አዳማ ላይ ቦታ ገዛና ቤት ሠራ። ሌላው ሰው ግብር ሲባል ፊቱን ያጠቁራል፤ እሱ "የጠየቁኝ እኮ ቤት ስላለኝ ነው" ይል ነበር።

ልጅ ሆኜ ሰልፉ ላይ አብሬው እቆም ነበር። የእኛ ግብር ከጎረቤታችን ለምን እንደሚያንስ ስጠይቀው እዚያው ቆመን ያስረዳኛል። የምንበላውን የምንለብሰውን አይደለም የሚያዩት፤ የቦታውን ስፋት፣ ሰፈሩ ለአስፋልት ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት ነው። የሚሰበሰበው ገንዘብ ተመልሶ መንገድና የጎርፍ ቦይ ይሆናል አለኝ። የሰፈራችን ቦይ እስከ ዛሬ አልመጣም። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ እሱ አንድም ቀን አላለም።

እኔ ሻሸመኔ አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር፣ ስመጣ የማርፍባት ብሎ ከጓሮ አንድ ክፍል ጀመረልኝ። ብሎኬቱን በራሱ እጅ ደረደረ። መስኮቱ በየት በኩል ይሁንልሽ ብሎ ደወለ፤ ወደ ማንጎው ዛፍ አልኩት። ግድግዳው አልቆ ቆርቆሮ ሊያለብሳት ሲል ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አናጺ ልጥራ ባልኩ ቁጥር እናቴ "ተይው፣ የጀመረው ይጨርሰዋል" ትለኛለች። ልቧ ስለተሰበረ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አባቴ ግን በጣም ይናፍቀኝ ነበርና፣ ዝም ያልኩት ለእሷ ብቻ አልነበረም።

በቅርቡ ግብሩ እንደ አዲስ ሊተመን ነው፣ የማዘጋጃ ቤቱ ለኪዎች በየግቢው ይገባሉ ተባለ። ለዕረፍት አዳማ ነበርኩ። ሰፈራችን በአንድ ጠዋት ደኸየ። ትናንት ቤቱን አሳድሶ እዩልኝ ሲል የነበረው ሁሉ ለለኪ የሚያሳየው የሚፈርስ ጥግ ፍለጋ ገባ። የጎን ጎረቤታችን ሴራሚክ ያለበሰችውን ሰርቪስ ቤት ዶሮ ቤት ናት ለማለት ከእኛ ሁለት ዶሮ ተዋሰች። ዶሮዎቹ በሴራሚኩ ላይ እየተንሸራተቱ ሲጮሁ ለኪዎቹ በር ላይ ቆመው ተያዩ። ያን ያህል የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ወደ እኛ የመጣው ለኪ ትሁት ወጣት ነበር። "አካም ቡልተን፣ እናቴ" ብሎ ዝቅ ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት። ዋናውን ቤት ለካ፣ ወጥ ቤቱን አየ፣ ሜትሩን ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል እናቴ መንገዱን ዘጋችው።

"ልጄ፣ አንዷን ክፍል ረሳሃት።"

ወደ ጓሮ ወሰደችው። ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ፈገግ አለ። "ይቺ አትቆጠርብዎትም፣ አይስጉ። ጣሪያ ስለሌላት ቤት አንላትም።"

"ቤት ናት እንጂ! ባለቤቴ ነው የሠራት። ቁጠራት።"

"እናቴ፣ ግብሩ እኮ ይጨምርብዎታል።"

"ይጨምር! ምን አገባህ?"

ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔም ተናደድኩ። "እማዬ፣ ሰው ቀንሱልኝ ብሎ ዶሮ ይዋሳል፣ አንቺ ጨምሩብኝ ብለሽ ትጣያለሽ?" አልኳት። የብሎኬቱን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ሳይ ግን ንዴቴ ጠፋ። አባቴ በሕይወቱ መጨረሻ የሠራውን ሥራ ነው ቤት አይደለም ያሏት። ልጁም ገብቶት መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጣሪያ ያልብሷትና ይጥሩኝ፤ መጥቼ እለካታለሁ" አላት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሷ ባጃጅ ይዛ ሄደችና አናጺ ይዛ ተመለሰች። ቆርቆሮው ሲመታ ግቢ ውስጥ አልቆየችም፤ ጎረቤት ሄዳ ተቀመጠች።

ለኪው ቃሉን ጠብቆ መጣ። የሜትሩን አንድ ጫፍ እናቴ ያዘች፤ ሌላውን እሱ ይዞ እስከ መስኮቱ ሄደ። ጽፎ ሲጨርስ፣ "አሁንስ ቤት ናት?" አለችው። "ቤት ናት፣ እናቴ" አላት። መርቃ ሸኘችው። ደስ ብሏት ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። የተሰጣውን ልብስ አስገብተን እዚያችው ክፍል ተጠለልን። ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልገባችም። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች።

"እንግዲህ አባትሽ አይመጣም" አለች። "የቀረው ሥራ የለም።"

ላጽናናት ብዬ መዳፌን ከመዳፏ ጎን አሳረፍኩ። ለካ እኔም እስከዚያች ሰዓት ድረስ እየጠበቅሁት ነበር።