የሙሽራዋ መኪና የበር ጎማ

የሞቀ ሰም በሸተተኝ ቁጥር ጣቶቼን ያቃጥለኛል። አሁንም ከጎረቤት ሽታው መጣ። ስለዚያ ሰርግ ልንገርህ።

ታላቅ እህቴ ከቦንጋ ወደ ዋጫ የተዳረችበት ቀን ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጎረቤታችን የነበሩ ነጋዴ አሮጌ ቀይ አውቶሞቢላቸውን ለሙሽራ ሊያውሱን ፈቀዱ።

የመኪና ማስዋቢያ ቅባት በከተማው አይገኝም ነበር። ሰም ግን ሞልቷል። ከጠጅ ጣይዋ ጎረቤታችን ወስጄ አቀለጥኩት፣ ነጭ ጋዝ ጨመርኩበት፣ መኪናውን በሙሉ ቀባሁት። ማንም አላስተማረኝም። ቀለሙ ፊት እስኪያሳይ አበራ። በሰርጉ ጠዋት ስወጣ ግን በጥቁሩ የፕላስቲክ ፓራውልት፣ በስፖኪዮውና በበሮቹ ጠርዝ ዙሪያ ባለው ጎማ ላይ ሰሙ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

ነጋዴው አይተው ሳቁ። "ዶሮ ያደረባት አስመሰልካት እኮ!" የተቃጠለ ዘይት በጣሳ አመጡ። "በላዩ ቀባ አድርገው፣ ይጠቁራል። ሁሉም የሚያደርገው ነው።"

"አልቀባም፣ ጋሼ።"

ለትልቅ ሰው እንዲያ መልሼ አላውቅም ነበር። "የበሩ ጎማ ዘይት ከነካው ቬሎዋን ያበላሸዋል" አልኩ።

"እንግዲያው መኪናዬ በዚህ መልኳ ሰርግ አትወጣም። እህትህ በሚኒባስ ትሂድ!" ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

"ቁልፉን ይያዙት። በሮቹን ብቻ ይተዉልኝ።"

ወጥ ከሚሠሩት ሴቶች ሙቅ ውሃ ለመንኩ። ጨርቅ እየነከርኩ ጎማው ላይ አስተኛለሁ፤ ሰሙ ሲለሰልስ፣ ሳይቀዘቅዝ እጠርገዋለሁ፤ ጨርቁን ገልብጬ እደግማለሁ። ፕላስቲኩን በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ፣ ጥጋጥጉን ጨርቅ በጠቀለልኩበት የክብሪት እንጨት። ከሰርገኞቹ አንዱ ቤንዚን ይዞልኝ መጣ። ቤንዚን ጎማ ያደርቃል፤ መለስኩት። ዛሬ መኪና ማጠብና ማሳመር እንጀራዬ ሆኖም "ዘይት ለቅልቅበትና ልሂድ" የሚለኝ ደንበኛ አለ። መኪናውን ይዞ ይሂድ።

እህቴ ፀጉሯን እየተሠራች በመስኮት አየችኝ። "ኧረ ለእኔ ፊት እንኳ እንዲህ አልተጨነቁም!" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ቀና አላልኩም።

የሙሽራው አጃቢዎች ዘፈን ከታች መንገድ ሲሰማ የመጨረሻውን በር ጨረስኩ። ነጋዴው ነጭ መሐረባቸውን አውጥተው ጎማውን ከላይ እስከ ታች ጠረጉበት። ዘርግተው አዩት። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለሾፌሩ ሰጡት።

ቬሎዋ ሰፊ ነበር። ስትገባ ጎማውን ታክኮ አለፈ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ እንደነበረው ነጭ ነው። የቀረውን ጫፍ ሰብስቤ አስገባሁላትና በሩን ዘጋሁት።

ፊቷን ወደ እኔ አዙራ አንድ ነገር ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በሩ ግጥም ብሎ ስለተዘጋ ድምጿ አልወጣም። የሰማሁ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ። መኪናው ሄደ።

ምን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።