ጀማለዲን ልብስ ሰፊውና የተሰቀለችው ራኬት

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ጀማለዲን የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። ሱሪ ያሳጠረለት፣ ኮት ያጠበበለት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሜትሩን ከአንገቱ እንደማያወርድ ነው። ገበያም ሲሄድ፣ ለቅሶም ሲደርስ ሜትሩ አብሮት ነው። ሚስቱ ዘይቡ «እኔን ያገባኸኝም ለክተህ ነው» ትለዋለች፤ እሱም አያስተባብልም።

ይህ ሰው ቴኒስ ተጫዋች የሆነው በመርፌ ምክንያት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ኪቶ ፉርዲሳ መውጫ ያለው የቀይ አፈር የቴኒስ ሜዳ መረቡ ተቀደደና የሚሰፋ ሰው ሲፈለግ እሱ ተጠራ። መረቡን እንደ ሙሽራ ቀሚስ ተጠንቅቆ ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ጓደኛው የቀረበት አንድ ተጫዋች ብቻውን ቆሞ ነበርና «እስኪ እርስዎ ይቺን ይያዙልኝ» ብሎ ራኬት አስጨበጠው። ጀማለዲን ኳሷን አንድ ጊዜ መታት። ኳሷ አጥሩን ዘላ ሄደች፤ ልቡም ተከትሏት ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ችግሩ ማሸነፍ የሚባል ነገር አያውቅም። በየዓመቱ የቡናው ለቀማ ሲያበቃ ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከሰቃ የሚመጡ ሽማግሌዎች የሚገጥሙበት የአንጋፋዎች ውድድር አለ። ስልሳን ያለፈ ሁሉ ይመዘገባል፤ ስልሳን ማለፉን የሚመሰክርለት ፂሙ ነው። ጀማለዲን በየዓመቱ ይመዘገባል፣ በየዓመቱ በመጀመሪያው ግጥሚያ ይሸነፋል፣ በየዓመቱ ጉልበቱ አብጦ በባጃጅ ይመለሳል። ዘይቡ ጉልበቱን በጥቁር አዝሙድ ዘይት እያሸች፣ ሱሪያቸውን ሊወስዱ የመጡ ደንበኞችን ከደጅ ትመልሳለች።

ባለፈው ዓመት እያሸች ሳለ እጇን ድንገት አቆመች።

«አባ ሱፊያን፣ ይህ ጉልበት የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«የሚያሸውስ?»

ጀማለዲን ዓይኑን ወደ ዘይቱ ብልቃጥ አዞረ።

«በሚቀጥለው ዓመትም በመጀመሪያው ከወደቅህ ራኬቷ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። ማል።»

ጉልበቱ በእጇ ውስጥ ነበርና «ወላሂ፣ ትሰቀላለች» አለ። ዘይቡም በማግስቱ ሚስማር ገዝታ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች፤ ወሬውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ዓመቱ ዞረ። በዚህ መሀል ልጃቸው ሱፊያን አንዲት ልጅ ወደደ። ስሟ አፊፋ ነው፤ የአጋሮው ቡና ነጋዴ የሀጂ ሀቢቡላህ ልጅ ናት። ጀማለዲን እሷን የሚጠይቁለትን ሽማግሌዎች መረጠ፣ ቀኑም ከውድድሩ ማግስት እሁድ እንዲሆን ተቆረጠ። ሁሉም ነገር በልኩ ተሰፍቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዕጣ እስኪወጣ ድረስ።

ዕጣውን ከባርኔጣው ውስጥ ያወጣው የውድድሩ አዘጋጅ ፍሬአብ ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ ጅማ የሚያስተምር ወጣት የስፖርት መምህር። ጀማለዲን ዕጣውን ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ዘይቡ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ከማን ጋር ደረሰህ?»

«ከሀጂ።»

«ከየትኛው ሀጂ?»

«ከአፊፋ አባት።»

ዘይቡ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። «እንግዲህ ብታሸንፍ ምራት የለችም፣ ብትሸነፍ ራኬት የለችም።»

«ማሎ፣ እባክሽ፣ መሐላውን ብትተዪልኝስ?»

«መሐላው ያንተ ነው። እኔ መቼ ማልኩ?»

ጀማለዲን ሲገላበጥ አደረ። ሲነጋም ቆረጠ፦ ከራኬት ምራት ትበልጣለች። ይሸነፋል። ግን ሽንፈትም እንደ ሱሪ በልክ መሰፋት አለበት፤ ቢጠብም ይታወቃል፣ ቢሰፋም ይታወቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ዳር ሰው ሞላ። ሀጂ ሀቢቡላህ ኮፍያቸውን እንደደፉ፣ የኮት ሱሪያቸውን ከነጭ ሸራ ጫማ ጋር አድርገው ቆመዋል። ሴት ልጅ ያለው አባት ሽማግሌ እስኪላክበት ድረስ ለወንዱ ወገን ፊቱን አይፈታምና፣ ሰላምታ ሲሰጡ የጀማለዲንን ጣቶች ጫፍ ብቻ ነኩ። ዘይቡ ከሴቶቹ ጋር በሜዳው ጥግ፣ መስመሩ አጠገብ ጥላ ዘርግታ ተቀምጣለች።

ፍሬአብ ደንቡን ተናገረ። «ዳኛ የለንም። በየጎናችሁ የምትወድቀውን ኳስ ራሳችሁ ‹ገብታለች› ወይም ‹ወጥታለች› ትላላችሁ። በእናንተ ዕድሜ ማን ይዋሻል ብዬ ነው።»

ጨዋታው ተጀመረ። ሀጂ የመጀመሪያዋን ኳስ ሲመቷት ከመስመሩ አንድ ክንድ አልፋ ወደቀች።

«ገብታለች» አለ ጀማለዲን።

ቀጣይዋ ሁለት ክንድ አለፈች። «ገብታለች።»

ከተማ የሚባል ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ የጀማለዲን ጎረቤትና ከተላኪዎቹ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ከተመልካቹ መሀል ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጀማል፣ የሱሪ ቀዳዳ የማያመልጠው ዓይንህን ዛሬ የት ጥለኸው መጣህ?»

ሌላዋ ኳስ ሄዳ የአጥሩን ሽቦ ነክታ ቆመች። ጀማለዲን እያፈረም ቢሆን «ገብታለች» አለ። ዘይቡ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ቦታ ለመቀያየር መረቡ አጠገብ ሲተላለፉ ሀጂ ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባ ሱፊያን፣ ያቺ ኳስ የት ነው የወደቀችው?» አሉ።

«መስመሩ ላይ፣ ሀጂ።»

«የትኛው መስመር? የአጋሮ አውቶቡስ መስመር?»

«እንግዳ ነዎት ብዬ ነው።»

«እንግዳ ሲመጣ ያበሉታል፣ ያጠጡታል እንጂ አይዋሹለትም። ይስሙኝ። ነገ ሽማግሌዎችዎ ቤቴ ገብተው ‹ልጁ አይቅምም፣ አያጨስም፣ ሶላት አያሳልፍም› ሊሉኝ ነው። አጥር ጥግ የወደቀችውን ገብታለች ያለኝ ሰው የላካቸውን፣ እኔ በምን ልመናቸው?»

ጀማለዲን ሽማግሌዎቹ እንዲሉ ያስጠናቸው ልክ ይህንኑ ነበር፣ ከነቅደም ተከተሉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይቅማል፣ ሀጂ» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ነው።»

«አውቃለሁ። የሚቅመው ከወንድሜ ልጅ ጋር ነው። አሁን ይጫወቱ።»

ያን ጊዜ ጊንጆ አይቶ የማያውቀው ነገር ሆነ። ጀማለዲን ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ መረቡ ላይ አንጠለጠለ። ሴቶቹ ተያዩ። ዘይቡ ፊቷን ገለጠች።

ከዚያ በኋላ የወጣችውን ወጥታለች፣ የገባችውን ገብታለች እያለ ተጫወተ። ሀጂ ክንዳቸው ብርቱ ነው፣ ግን ከወገባቸው አይታጠፉም፤ ጀማለዲን ይህን በሱሪያቸው ስፌት ዐወቀ። ዝቅ ያሉ ኳሶችን እየላከ አንድ በአንድ ለቀመ። ያስረከበውን ሁሉ እየመለሰ ሄደ። ከተማ ቀልዱን ረስቶ ጥፍሩን ይበላ ጀመር። ጀማለዲንም ለመጀመሪያ ጊዜ የማሸነፍ ሽታ ሸተተው፤ አዲስ ጨርቅ ሲዘረጋ እንደሚሸተው ያለ ነው።

ሀጂ ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ቀራቸው። ጀማለዲን ግን ይህቺን ነጥብ ቢያገኝ እኩል ይሆናሉ፤ ጉልበቱም ገና አልከዳውም። ሀጂ ኳሷን ከፍ አድርገው በራሱ ላይ አሳለፏት። ዞሮ ሮጠ፣ አልደረሰባትም። ኳሷ በዘይቡ ፊት ለፊት፣ በጥጉ ላይ ወደቀች። ከኖራው መስመር ቀጭን ነጭ አቧራ ብን ስትል ጀማለዲን አያት።

ወጥታለች ቢል የሚጠራጠረው አልነበረም። ተመልካቹ ሁሉ እንዲያውም «ወጥታለች፣ ወጥታለች» እያለ ነው።

«ገብታለች» አለ ጀማለዲን።

ሀጂ ራኬታቸውን ብብታቸው ስር ከተቱ። «ተነጋግረን አልነበረም?»

«አሁንስ እውነቴን ነው፣ ወላሂ።»

«የፊተኛይቱንም እንዲሁ ነበር ያሉኝ።»

ሰው ምልክቱን ለማየት ግር ብሎ ገባና ምልክቱን ረግጦ አጠፋው። ፍሬአብ መሬቱን ቢያይ የጫማ ዱካ ብቻ አገኘ። አሁን ሁለቱ ሽማግሌዎች «ያሸነፉት እርስዎ ነዎት»፣ «አላሸነፍኩም» እያሉ ሊጣሉ ደረሱ። ከዚያ ሀጂ ጥጉ ላይ ወደተቀመጠችው የሱፊያን እናት ዞሩ።

«ሃዳ ሱፊያን፣ ከሁላችንም የቀረቡት እርስዎ ነዎት። የት ወደቀች?»

«እሷን አይጠይቋት» አለ ከተማ። «ባሏ ከተሸነፈ ራኬቱን ልትሰቅል ሚስማር ገዝታለች። ጊንጆ በሙሉ ያውቃል።»

ሀጂ ይህን ሲሰሙ ጀማለዲንን ትክ ብለው አዩት፤ ገብታለች በማለቱ ምን እንደሚያጣ ገባቸው። ዘይቡም ባሏን አየችው። ላቡ በፂሙ ይወርዳል፣ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ቆሟል። አልለመናትም፤ ዓይኑንም አልሰበረም። ዘይቡ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን ዘረጋች። ጥቁር ጫማዋ ጫፍ ላይ ኖራ ተረጭቷል።

«ገብታለች» አለች። «ጫማዬን አበላሽታለች።»

በዚያው ማታ ሚስማሩ ተመታ። ጀማለዲን ራሱ ነው የመታው። ዘይቡ ከትርፍራፊ ገበር ለራኬቷ ልባስ ሰፍታላት ነበርና፣ አቧራ እንዳይነካት ከነልባሷ ተሰቀለች። እሱም ከሥሯ ተቀምጦ፣ ቀና ሳይል ሱሪ ማሳጠሩን ቀጠለ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ አጋሮ ሄዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደ ሽማግሌ «መክረን እንነግራችኋለን» ተብሎ መመለሱ ደንብ ነውና ማንም ምንም አልጠበቀም። ሲመሻሽ ከተማ ሳያንኳኳ ገባ።

«ልጁ ይቅማል አልናቸው፣ እንዳልከን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንደዚህ የሚል ሽማግሌ አይተው አያውቁም።»

«ከዚያስ?» አለች ዘይቡ።

«ሰጥተዋል።»

«አልሃምዱሊላህ። ጥሎሹስ? ምን አምጡ አሉ?»

«ለልጅቷ መህሯን ስጧት፣ እሱ የእሷ ነው አሉ። ለእኔ ግን አንዲት ነገር ብቻ ትደረግልኝ፤ ጊንጆ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ራኬት አለች፣ እሷ ትውረድልኝ። አጋሮ ውስጥ በእኔ ዕድሜ እውነቱን ተናግሮ የሚሸነፍልኝ ሰው አጥቻለሁ አሉ።»

ጀማለዲን ከመርፌው ዓይኑን አላነሳም፤ ክሩ ግን ከመርፌው ወጥቶ ነበር። ዘይቡ ግድግዳውን አየች፣ የባሏን ጉልበት አየች፣ እንደገና ግድግዳውን አየች።

«የሴት ወገን የጠየቀው እምቢ አይባልም» አለች። «መሐላውም ቢሆን ትሰቀላለች የሚል ነው። ተሰቀለች። አትወርድም ያለ የለም።»

በርጩማ ላይ ወጥታ ራሷ አወረደቻትና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ጉልበትህን ካመመህ ግን ሀጂ ይሹልህ።»

ጀማለዲን ልባሷን ሊያወልቅ ብሎ እጁ ስፌቱ ላይ ቆመ። ዘይቡ መርፌ የያዘችው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ስፌቱ እንደ ሰቃ መንገድ ይጠማዘዛል።

«ምን ታያለህ?» አለች። «መስመሩን ስቶ ወጥቷል?»

ጀማለዲን ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ስፌቱ ላይ ዘረጋ፣ ጎንበስ ብሎ ብዙ መረመረ።

«ገብቷል» አላት።