በአማና የተሰጠኝ ግራማፎን

ሥራዬ የመስኖ ጉድጓድ ፓምፕ መጠገን ነው። ግራማፎን መሰብሰብ የጀመርኩትም በዚሁ ሰበብ ነው፤ ራያ ውስጥ ቆቦ ዙሪያ ፓምፕ ልሠራ ስዞር በየቤቱ ጥግ የተጣለ አሮጌ ዕቃ አያለሁ። ዘፈኑ ግድ አይሰጠኝም፤ የምወደው ሞተሩን ነው። አንዱ በሁለት ሞላ ይዞራል፣ ሌላው በመኪና ባትሪ። ስድስት ሲደርሱ ባለቤቴ፣ «እንግዳ ሲመጣ የት ላስቀምጥ?» ማለት ጀመረች።

ሰባተኛውን ያገኘሁት ጎብዬ፣ አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ባላቸው የአሰብ መስመር ሾፌር ሳሉ ያመጡት ነው። በእጅ አይጠመዘዝም። ከሥሩ ትንሽ የአልኮል ኩራዝ አለ፤ ሲለኮስ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ይሞቅና ፒስተኑን ይገፋል፤ ከዚያ መዘውሩን በጣት ነካ ማድረግ ነው፣ ሸክላው ይዞራል። እንዲህ ያለ ሞተር መኖሩን ሰምቼ እንጂ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ይሽጡልኝ፣ እናቴ።»

«አልሸጥም። ታውቅበታለህና ውሰደው። ግን እንዳትሸጠው፣ ከራያም እንዳታወጣው። ባሌ በሰው አገር ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ዕቃው እንኳ አገሩ ይቅር። አማና በል።»

«አማና» ብዬ አደራውን ተቀበልኩ። ዓይኔ ሞተሩ ላይ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሴትዮዋ ሞቱ። በዚያው ዓመት የባለቤቴ ደም ግፊት ጠናባት። ሐኪሙ የቆላው ሙቀት አይስማማትም አለ፤ ደሴ ያለችው ልጃችንም ሁለታችሁም ኑ አለች። ስድስቱን ለሚፈልጋቸው ሰጠሁ። ሰባተኛው ቀረ። ባለቤቴን «እከተልሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት።

የሰፈራችንን ሼህ ከአማናው መውጫ ካለ ጠየቅኩ። «መሐላ ቢሆን ድሃ አብልተህ ወይ ጾመህ ትወጣበት ነበር። አማና ግን ወደ ባለቤቱ ይመለሳል እንጂ በጾም አይወጣም» አሉኝ።

ጅዳ ላለው የባልቴቷ ልጅ ደወልኩ።

«የአባቴንም የእናቴንም ቀብር አልደረስኩም» አለኝ። «የእናቴን ቃል ደግሞ በስልክ አላፈርስም። እዚያው ቆቦ ለምታምነው ሰው ስጠው።»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው እሺ አለ፤ ቤቱ ድረስ ተሸክሜ ወስጄ አሳየሁት። ኩራዙን ለኮሰና ሳይሞቅ መዘውሩን በኃይል አሽከረከረው። ፒስተኑ ሲንገጫገጭ የኔ ጥርስ የተነቀለ መሰለኝ። «ይቅር፣ ወንድሜ» አልኩና መልሼ ተሸከምኩት። እሱ አዘነብኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው አልጠየቅኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ያሰረኝ የሴትዮዋ ቃል ብቻ አልነበረም።

ባለቤቴ ከሄደች በአምስተኛው ወር ቆረጥኩ። ግራማፎኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ። ሮቢትን እስክናልፍ ደህና ነበርኩ። ጎብዬ ስንገባ ላብ አጠመቀኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መስኮት ከፈተልኝ። ከተማውን ጨርሰን ከራያ ልንወጣ ስንል፣ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ።

ረዳቱ ገርሞት፣ «ደሴ አላልክም እንዴ?» አለኝ።

«ወራጅ ነኝ።»

መንገድ ዳር ጆንያዬን አቅፌ ተቀምጬ ለባለቤቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

«ለሴትዮዋ አማና ካልክ» አለችኝ፣ «እኔንስ ለማን አማና ሰጠኸኝ?»

ጆንያዬን አነሳሁ። ወደ ቆቦ የሚመለስ ባጃጅ ለመንኩ።

አሁንም ቆቦ ነኝ። በወር አንዴ ደሴ እሄዳለሁ፤ ሁለት ቀን ቆይቼ እመለሳለሁ። ድሮ ባለቤቴ በስልክ «መቼ ትመጣለህ?» ትለኝ ነበር። አሁን ትታዋለች። ደጇ ስደርስ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «መቼ ትመለሳለህ?» ነው የምትለኝ።