አባቴ «አይቻታለሁ» ያሏት ኮከብ

አዲስ የተወቃ የጤፍ ጭድ በሸተተኝ ቁጥር የአባቴ አውድማ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፤ ከትምህርት ቤት ልቀር አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ የነበረው ያን ዓመት ነውና።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ ቆሰበር ከተማ አራተኛ ክፍል እማር ነበር። በጥቅምት፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ መምህራችን «ሰው ሠርቶ ሰማይ ላይ የሰቀላት፣ ካለችበት ንቅንቅ የማትል ኮከብ አለች፤ ሳተላይት ትባላለች» አሉን። እኔ ደግሞ ምላሴ መች ያርፋል፣ ገና ደጃፍ ሳልደርስ ለአባቴ ዘረገፍኩት።

አባቴ ነገር ሳያጣሩ የማይለቁ ገበሬ ነበሩ። ሲመሽ ከበረቱ ምሰሶ ሥር እየተቀመጡ፣ በምሰሶው ጫፍ እያነጣጠሩ ከዋክብቱን ሲፈትኑ ሰንብተው፣ በዳንግላ በኩል፣ ከኮረብታው ብዙም ከፍ ያላለች፣ የማትንቀሳቀስ ኮከብ አገኙ። እሰይ! ብዬ ዘለልኩ። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም።

«ይቺንማ አያቴም ያውቋት ነበር! እግዜር የፈጠራትን ሰው ሠራት የሚል መምህር ምን ይረባሻል? ከጥር ወዲያ ቤት ትውያለሽ» አሉ። እናቴ ብትለምናቸውም አልሰሙም፤ እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ለመምህሩ ብነግራቸው ሳቁ። «እሷማ የሰሜን ኮከብ ናት። የእኛዋ ከምድር ወገብ በላይ ናት፤ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ዙረሽ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘና ዘንበል በይ። በዓይን ግን አትታይም። ከምድር እኩል ስለምትዞር ነው የቆመች የምትመስለው» አሉኝ። በዓይን የማትታይ ኮከብ! ይህን ለአባቴ ብነግር አለቀልኝ ብዬ ዋጥ አደረግሁት።

ታኅሣሥ ላይ ውቂያ ደረሰ። ምሳ ይዤ ብሄድ አባቴ አራት በሬ ጎን ለጎን አጣምረው ያበራያሉ፤ በአውድማው መሀል ያለው በሬ ባለበት ቀስ እያለ ሲዞር የዳሩ ይሮጣል፣ ግን አይለያዩም። ድንገት በራልኝ።

«አባዬ፣ የመሀሉ በሬ ምድር ነው ይበሉ፣ የዳሩ ደግሞ ኮከቧ። የመሀሉ ጀርባ ላይ ቢቀመጡ፣ የዳሩ ከጎንዎ ንቅንቅ ይላል?»

ጅራፋቸውን አንጠልጥለው ቆሙ፤ ከዚያ በሬዎቹን ሁለት ዙር አዙረው አዩ።

«አይልም» አሉ በመጨረሻ። «የት ናት?»

ከአዘና ከፍ አድርጌ ወደ ምዕራብ በጣቴ አሳየሁና፣ «በዓይን ግን አትታይም» አልኩ። አባቴ ጣቴ ወዳመለከተበት እያዩ ምሳቸውን በሉ።

ጥር ገብቶ ወጣ፣ ቤት ዋይ ያለኝ የለም። በፋሲካ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጫወት፣ ውሸት የማይወዱት አባቴ ጠላቸውን አስቀምጠው ባዶውን ሰማይ እያመለከቱ «ያቻት! ልጄ አሳይታኝ አይቻታለሁ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ወይ አባዬ! እስኪሞቱ ድረስ ቃላቸውን አላጠፉም።

ዛሬ በከተማው ጣሪያ ሁሉ የቴሌቪዥን ሳህን ተደርድሯል፤ ሳህኑን የሚገጥመው ባለሙያ ስልኩን ከፍቶ የሳተላይቷን አቅጣጫ በአንድ አፍታ ያገኘዋል፣ የሚጠራጠርም የለም። ጥሩ ነው፤ የዘንድሮ ልጆች አይቻታለሁ ብሎ የሚዋሽላቸው አባት አያስፈልጋቸውም። እኔን ግን አስፈልጎኝ ነበር፤ ነበረኝም።